ወንድሜን ይዤው ብሄድ ይቀበሉታል?

እህቱ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦
ወንድሜ በመጠጥ የተነሳ የሹፌርነት ሥራውን አጣ። መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ተሰብስበው እርስ በርስ የሚረዳዱበት «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የሚባል ማኅበር አለ፣ እዚያ ሂዱ አሉኝ። እንዴት ነው የሚገባው? ሐበሻ ያየኛል ብሎ ፈርቷል።

መጠጥ ካቆመ ሰባት ዓመት የሆነው፦
እህቴ፣ ምዝገባም ክፍያም የለም። መጠጥ ለማቆም መፈለጉ ይበቃል። እኔ የመጀመሪያ ቀን መኪናዬ ውስጥ 20 ደቂቃ ቁጭ ብያለሁ። ስገባ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፤ ክብ የተደረደሩ ወንበሮች፣ ቡና በወረቀት ኩባያ። አንድ አዛውንት ወንበር ሳቡልኝ። የማን ልጅ ነህ ያለኝ የለም፤ የራስ ስም ብቻ ነው የሚነገረው። መናገር ካልፈለገ «ዛሬ ልስማ» ብሎ ያልፋል። «ክፍት» የተባለው ስብሰባ ለማንም ነው፣ «ዝግ» የመጠጥ ችግር ላለበት ብቻ። መጀመሪያ ክፍቱ ጋ አብረሽው ሂጂ። ካልተስማማው ሌላ ቡድን ይሞክር፤ እኔ ሦስተኛው ላይ ነው የረጋሁት። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1935 አክሮን፣ ኦሃዮ የጀመሩትም አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ቀዶ ሐኪም ናቸው፣ ሁለቱም በመጠጥ የተጎዱ። የቀመሰው ለቀመሰው ነው የሚያወራው።

የልጆች እናት፦
እባክሽ፣ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ከሆነ በአንዴ አያቁም። ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ሊጥለውም ይችላል፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ለአንቺም «አል-አኖን» አለልሽ፣ ለቤተሰብ የተቋቋመ ነው። እኔ በባለቤቴ ምክንያት ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ።

እህቱ፦
ሐሙስ ማታ ክፍት አግኝቻለሁ። ከሐኪም ቀጠሮው በኋላ አብሬው እገባለሁ።