ኢኤስፒ32 ቦርድ ላይ ቢትኮይን ማይን ማድረግ የምር ይሰራል? ልንገዛ ነው

ሚኪ ሰርኪት፦
ሰላም ቤተሰብ። የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ከፕሮጀክት የተረፉ ኢኤስፒ32 ቦርዶች (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ቺፕ የተገጠመላቸው) እና አንድ አርዱዊኖ ኡኖ (ዋይፋይ የሌለው የመማሪያ ቦርድ) እጄ ላይ አሉ። ሰሞኑን አንድ የቴሌግራም ቻናል ትንሽ ስክሪን ያለው ቦርድ "ቢትኮይን ማይነር" ብሎ እየሸጠ ነው። ዋይፋይ ላይ ካገናኘኸው በቃ፣ በየቀኑ ገቢ ያስገባል ይላሉ። ዋጋው ደግሞ ባዶው ቦርድ ከሚሸጥበት ብዙ እጥፍ ነው። የዶርም ልጆች አዋጥተን እንግዛ እያሉኝ ነው። ቪዲዮውን አይቻለሁ፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ይሮጣል፣ የውሸት አይመስልም። የምር ይሰራል? ከሰራስ ያሉኝን ቦርዶች ለምን ራሴ ፍላሽ አላደርጋቸውም (ፕሮግራሙን አልጭንባቸውም)? ኡኖውስ ይሆናል? ከሕግ አንጻርም የምታውቁ ንገሩኝ።

የሶልደር ጭስ፦
አትግዙ። መጀመሪያ ያዋጣችሁትን ብር ለየባለቤቱ መልሱ፣ ከዚያ እናውራ።

ቪዲዮው ላይ ያየኸው ቁጥር ውሸት አይደለም። ፈርምዌሩ (ቦርዱ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም) ነርድማይነር ይባላል። ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም በነጻ አውርዶ ይጭነዋል። ቦርዱ የምር ከፑል (ለማይነሮች ሥራ ከሚያከፋፍል ሰርቨር) ሥራ ይቀበላል፣ የምር ያሰላል። ውሸቱ "በየቀኑ ገቢ" የምትለዋ ላይ ነው። ነርድማይነር ብሎክ (የቢትኮይን ግብይቶች የሚመዘገቡበት ጥቅል) የሚፈልገው ለብቻው ነው። ካገኘ 3.125 ቢትኮይን ያንተ ነው (ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሽልማቱ ይሄ ነው)፣ ካላገኘ ዜሮ። መሃል ላይ በየቀኑ የሚንጠባጠብ ሳንቲም የለም።

ሂሳቡን ራስህ ሥራው። የተለመደው ነርድማይነር በሰከንድ 70 ሺህ ሃሽ (አንድ ሃሽ አንድ ሙከራ ነው) ያህል ያሰላል። የጠቅላላው ኔትወርክ ጉልበት ዝቅ አድርገን 700 ኤክሳሃሽ ነው እንበል፣ ማለትም 7 ጽፈህ 20 ዜሮ። ስታካፍለው ድርሻህ 10 ጽፈህ 15 ዜሮ ብታስከትል ከሚመጣው ቁጥር አንዷ ናት። ብሎክ የሚወጣው በአማካይ በ10 ደቂቃ አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ብሎክ ለማግኘት አማካዩ 190 ቢሊዮን ዓመት ግድም ይመጣል። የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ነው። ዶርሙ ተባብሮ 10 ቦርድ ቢገዛ 19 ቢሊዮን ይሆናል ማለት ነው። አዲሱ ፈርምዌር ቺፑ ውስጥ ያለውን የሃሽ ማስሊያ ተጠቅሞ ፍጥነቱን በጥቂት እጥፍ አሳድጎታል፣ ነገር ግን በቢሊዮን የሚቆጠር ዓመት ለጥቂት ቢካፈል ያው ነው።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ፍላሽ ተደርጎ የሚመጣ ቦርድ ውስጥ የማን ዋሌት (ቢትኮይኑ የሚገባበት ሒሳብ) አድራሻ እንደገባ በምን ታውቃለህ? የሻጩ አድራሻ ከሆነ መብራቱም ኢንተርኔቱም ያንተ፣ ዕድሉ የእሱ ነው። ምን እንደተጫነበት የማታውቀውን ዕቃ የዋይፋይ ፓስወርድህን ሰጥተህ ማስገባትም ሌላ ጣጣ ነው።

ሪሴት በተን፦
ሂሳቡ ትክክል ነው፣ መግዛቱም አይረባም። ያሉህን ቦርዶች ግን ዛሬውኑ ፍላሽ አድርጋቸው ባይ ነኝ! ማይኒንግ ምን እንደሆነ ይህን ያህል ወለል አድርጎ የሚያሳይ ነገር አላጋጠመኝም።

የብሎኩ ሄደር (መግቢያው) 80 ባይት ነው። የመጨረሻዎቹ 4 ባይቶች ኖንስ ይባላሉ። ማይን ማድረግ ማለት እነዚያን 4 ባይቶች እየቀያየርክ 80ውን ባይት ሁለት ጊዜ በሻ-256 (ማንኛውንም ዳታ ወደ 256 ቢት ቁጥር የሚለውጥ የሃሽ ቀመር) ማሳለፍና የሚወጣው ቁጥር ከገደቡ በታች መሆኑን ማየት ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። 4 ባይት 4.29 ቢሊዮን አማራጭ ይሰጣል። በሰከንድ 70 ሺህ የሚያሰላ ቦርድ እነዚህን ለመጨረስ 17 ሰዓት ያስፈልገዋል፣ ብሎኩ ግን በ10 ደቂቃ ይቀየራል። ስለዚህ ከአማራጮቹ 1 በመቶውን እንኳ ሳይጨርስ አዲስ ሥራ ይመጣለታል። በሰከንድ 200 ቴራሃሽ (200 ትሪሊዮን ሃሽ) የሚያሰላ ትልቁ ማሽን ግን ያንኑ 4.29 ቢሊዮን በአንድ ሰከንድ ውስጥ 46 ሺህ ጊዜ ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው ኖንስ ብቻውን አልበቃ ብሎ ኤክስትራኖንስ (ተጨማሪ የሚቀያየር ቁጥር) የመጣው። ክፍል ውስጥ ሲነገረኝ ያልገባኝ ነገር የገባኝ ይሄን በካልኩሌተር ስመታው ነው።

ስክሪኑ ላይ "ቤስት ዲፊካልቲ" የሚለውን (ቦርዱ እስካሁን ያገኘውን ምርጥ ውጤት) ተከታተል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ያድጋል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ ምክንያቱም እጥፍ የሆነ ቁጥር ለማግኘት በአማካይ እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል። የኔትወርኩ ዲፊካልቲ ከ100 ትሪሊዮን በላይ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታይ ፕሮባቢሊቲ በተግባር ምን እንደሚመስል ይገባሃል።

አጫጫኑ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሲነሳ ነርድማይነርኤፒ የሚል ዋይፋይ ይከፍታል፣ በስልክህ ትገባና 192.168.4.1 ላይ የራስህን ዋይፋይና የዋሌት አድራሻ ትሞላለህ። ቺፑ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ አያይም፣ 2.4 ብቻ። ኬብሉም ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን፣ አንዳንዱ የቻርጀር ኬብል ኃይል ብቻ ስለሚያሳልፍ ኮምፒውተሩ ቦርዱን አላየውም ብለህ ስትደክም ትውላለህ። ስክሪን ባይኖርህ ሲሪያል ሞኒተር (ቦርዱ በኬብል የሚልከውን ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ የሚያሳይ መስኮት) ይበቃል። መብራቱም አያሳስብህ፣ 1 ዋት ግድም ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ቢበራ 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ።

የኡኖ ወዳጅ፦
ስለ ኡኖው ልመልስ። ለቢትኮይን አይሆንም፣ 8 ቢት ፕሮሰሰር፣ 16 ሜጋኸርዝ፣ 2 ኪሎባይት ራም ብቻ ነው ያለው፣ ዋይፋይም የለውም። ለሱ የሚሆነው ዱይኖኮይን የሚባለው ሌላ ክሪፕቶ ሳንቲም ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ለትንንሽ ቦርዶች ተብሎ የተሠራ ነው። ኡኖውን በዩኤስቢ ታገናኛለህ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የፓይተን ፕሮግራም ከሰርቨሩ ጋር ያነጋግረዋል። ሰርቨሩ የመጨረሻውን ሃሽና የሚፈለገውን ሃሽ ይልካል፣ ቦርዱ ከዜሮ ጀምሮ እየቆጠረ በሻ-1 ያሰላል፣ ሁለቱ ሲገጥሙ ቁጥሩን ይመልሳል። ልብ በል፣ መልሱን ሰርቨሩ አስቀድሞ ያውቀዋል። የቢትኮይንን መልስ ግን እስኪገኝ ድረስ ማንም አያውቀውም። ደካማ ቦርድ በአንጻሩ የተሻለ እንዲከፈለው ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ቦርድ ባበዛህ ቁጥር ደግሞ የእያንዳንዱ ክፍያ ይቀንሳል። ሳንቲሙ ዋጋ አለው ብዬ አልነግርህም። ሃሽ ምን እንደሆነ ለጀማሪ ለማሳየት ግን በጣም እወደዋለሁ።

ሚኪ ሰርኪት፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ለልጆቹ አነበብኩላቸውና ግዢው ቀርቷል። አንዱ ግን "ቢትአክስ እንግዛ፣ እሱ የምር ነው" አለ። እሱስ?

የሶልደር ጭስ፦
ቢትአክስ ሌላ ነው። እሱም ላይ ኢኤስፒ32 አለ፣ ሥራው ግን ዋይፋዩን መያዝና ሥራ ማቀበል ብቻ ነው። የሚያሰላው አጠገቡ ያለው፣ ከትልልቅ ማሽኖች የመጣው ቺፕ ነው። ጋማ የሚባለው ሞዴል 1.2 ቴራሃሽ ግድም ይሰጣል፣ ካንተ ቦርድ 17 ሚሊዮን እጥፍ ማለት ነው፣ የሚወስደው ደግሞ 18 ዋት አካባቢ። በዚያው ሂሳብ ለብቻው ብሎክ ለማግኘት አማካዩ 11 ሺህ ዓመት ይመጣል። ስለዚህ እሱም ሎተሪ ነው፣ ገቢ አይደለም። የራሱ 5 ቮልት አዳፕተርም ይፈልጋል፣ ላፕቶፕ ዩኤስቢ ላይ አትሰካው።

ሕጉን በተመለከተ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መብራት የሚገዙት ትልልቅ የቢትኮይን ማይነሮች በድርጅት ደረጃ ውል ያላቸው ናቸው፣ ከነሱ ጋር ራስህን አታነጻጽር። ቦርድ ላይ ሃሽ እያሰላህ መማርና ክሪፕቶ በብር መሸጥና መግዛት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ውስጥ አትግባ።

ፍላሽ ስታደርግ ችግር ከገጠመህ ሲሪያል ሞኒተር ላይ የወጣውን ጽሑፍ እንዳለ እዚሁ ለጥፈው፣ የዋይፋይ ፓስወርድህን ብቻ አጥፍተህ።