ቡቲሪክ አሲድ ጠፋብኝ፤ ጥፋቱ የቅቤው ነው የኔ?

ጥያቄ፦ ለጋዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ለመመረቂያ ጽሑፌ ቅቤ እየመረመርኩ ነው። ከመርካቶና ከሾላ ሰባት ናሙና ገዛሁ፤ ለጋም፣ መካከለኛም፣ በሳልም አለበት። ፓልም ዘይት ተቀላቅሎበት እንደሆነ በጋዝ ክሮማቶግራፊ (ጂሲ፣ ውህዶችን አትንኖ በሚለያይ ማሽን) ፋቲ አሲዶቹን (የቅባት አሲዶቹን) ለይቼ ማወቅ ነው የፈለግኩት። ፓልም ውስጥ ቡቲሪክ አሲድ (ሲ4፣ ማለትም ባለ አራት ካርቦን) የለም። የላም ወተት ቅባት ውስጥ ግን ከ3 እስከ 4 ከመቶ ይሆናል። እኔ ጋ በአራቱ ጭራሽ የለም፣ በሦስቱ ደግሞ የማሽኑ ግራፍ ላይ ትንሽ ጉብ ያለች ፒክ ብቻ ናት። ሲ16 (ፓልሚቲክ) እና ሲ18 (እነ ስቴሪክ) ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል።

አሠራሬ፦ ቅቤውን አቅልጬ በሄክሴን አሟሟሁት። በሜታኖል የተሟሟ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሬ 60 ዲግሪ ዋተር ባዝ (የሞቀ ውሃ ገንዳ) ውስጥ 30 ደቂቃ አቆየሁት። ከዚያ በናይትሮጅን አድርቄ በትንሽ ሄክሴን መልሼ አነሳሁት። ኮለሙ (ውህዶቹ የሚለያዩበት ቀጭን ቱቦ) 30 ሜትር ዋክስ፣ ዲቴክተሩ ኤፍአይዲ (በነበልባል የሚለካው) ነው፤ የማሽኑ ኦቨን ከ100 ዲግሪ ይነሳል። ሰባቱም ነጋዴዎች ሸውደውኛል ማለት ነው?

መልስ፦ ፒክ ቆጣሪ

ኧረ ቀስ! ነጋዴዎቹን ለጊዜው ተያቸው። ሲ4ን ያባረርሽው አንቺ ነሽ። ጂሲው ውስጥ የሚገባው ከሜታኖሉ ጋር ተጣምሮ ሜቲል ቡቲሬት (የሲ4 ሜቲል ኤስተር) ሆኖ ነው፤ እሱ ደግሞ ተናኝ ነው። ናይትሮጅን ሲነፋበት ከሄክሴኑ ጋር አብሮ ውልቅ ይላል። ለምግብ ዘይት የተጻፈ አሠራር የገለበጥሽ መሰለኝ። እዚያ አጭር ሰንሰለት ስለሌለ ማድረቅ አይጎዳም፤ ለወተት ግን አይሆንም።

እንዲህ ሞክሪ። 100 ሚሊግራም ቅባት በ5 ሚሊ ሄክሴን አሟሚ። 2 ሞላር የሆነውን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ 0.2 ሚሊ ጨምሪና ክዳኑን ግጥም አድርገሽ 1 ደቂቃ ናጪው። ማሞቅ የለም፣ ማድረቅ የለም። ሲረጋ የላይኛውን ንጹሕ ሄክሴን በቀጥታ ወደ ቫያል (የጂሲው ትንሽ ብልቃጥ)።

ኦቨኑም ችግር አለበት። ከ100 ስትነሺ ሲ4 ከሄክሴኑ ትልቅ ፒክ ሥር ይደበቃል። ከ45 ወይም 50 ጀምሪ፣ ጥቂት ደቂቃ አቆዪው፣ ከዚያ ቀስ እያልሽ እስከ 230 ውጪ። ከሁሉ በፊት ግን ባለ 37ቱን የሜቲል ኤስተር ስታንዳርድ (ሲ4ን ጨምሮ 37 የታወቁ ኤስተሮች ያሉበትን ማነጻጸሪያ) አስኪጂ። እሱም ላይ ሲ4 ካልታየሽ ቅቤው ምን አጠፋ?

መልስ፦ የድሮ ቴክኒሻን

ልጄ፣ ዋተር ባዙን ማንም አላነሳልሽም። ያለነው አዲስ አበባ ነው፣ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ። ውሃ እንኳ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሄክሴን በባሕር ጠለል 69 ላይ ነው የሚፈላው፤ እኛ ጋ 60 አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ለግማሽ ሰዓት ሙሉ ስታንተከትኪው ነበር። ክዳኑ ትንሽ ከላላ ደህና ሰንብት ነው። እኔም በወጣትነቴ አንድ ክረምት በዚህ አልቋል፤ ጥፋቱን በማሽኑ ላይ ሳላክክ።

መልስ፦ እናቷ ቅቤ ነጋዴ

በሳል ቅቤውን ለይተሽ እዪው። ያ አፍንጫ የሚወጋው ሽታ በአብዛኛው ከቅባቱ ተላቆ የወጣው ቡቲሪክ አሲድ ነው። አንቺ የተጠቀምሽበት ቤዝ (ፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱ) ደግሞ የተላቀቀውን አሲድ ወደ ሜቲል ኤስተር አይቀይረውም፣ ሳሙና ያደርገዋል እንጂ። የሚገርመው፣ በጣም የሚሸተው ናሙና ጂሲ ላይ ትንሹን ሲ4 ሊያሳይ ይችላል! መጀመሪያ በለጋዎቹ ሥሪ።

ሌላም ነገር አለ። ጥሬ ቅቤ ውሃና አሬራ ይይዛል። አቅልጠሽ አጥሪውና በሶዲየም ሰልፌት ውሃውን አስወግጂ። የተነጠረ ቅቤ ደግሞ አትግዢ፤ የኮረሪማው መዓዛ የራሱን ፒክ ይዞ ሲ6 አጠገብ ይመጣና ያደናግርሻል።

ለጋዋ

ጉድ ነው፣ ምንም ያልታየባቸው አራቱ በሙሉ በሳልና መካከለኛ ናቸው! ጋሼ፣ እርስዎም ልክ ነዎት። ሁለት ቱቦ ከዋተር ባዙ ጎድሎ ሲወጣ ልኬ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። ነገ እንደገና እሠራለሁ።

መልስ፦ ፒክ ቆጣሪ

ስታሰዪ አንድ ነገር እንዳትረሺ። ኤፍአይዲ ለሲ4 ስስታም ነው። የፒኩን ስፋት እንዳለ ከወሰድሽ ያንስብሻል፤ ከስቴሪክ ጋር ሲነጻጸር 1.5 እጥፍ ያህል መታረም አለበት። በሲ16 ብቻም አትፍረጂ። ፓልም ዘይት 44 ከመቶ ገደማ ፓልሚቲክ አለው፣ ግን የላሟ መኖም ሲ16ን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ሁለቱን አብረሽ እዪ፦ ሲ4 ወርዶ ሲ16 ከወጣ ያኔ ጠርጥሪ።

መልስ፦ እናቷ ቅቤ ነጋዴ

ማወዳደሪያም ያስፈልግሻል። ከምታምኚው ሰው ወተት ገዝተሽ አርጊውና ራስሽ ናጪው። እጅሽን ያምሻል እንጂ ንጹሕ መሆኑን ታውቂያለሽ።

ለጋዋ

ከሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሳላሞቅ፣ ሳላደርቅ፣ ኦቨኑን ከ50 አስነስቼ ሠራሁ። ሲ4 ከሄክሴኑ ቀጥሎ ቆንጆ ሆኖ ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። ራሴ የናጥኩትና ሁለቱ ለጋዎች ተቀራራቢ ናቸው። ሦስተኛው ለጋ ግን አሁንም ሲ4 በጣም ትንሽ ነው፣ ሲ16ም ከሌሎቹ ይበልጣል። ከዚያው ሱቅ ሌላ ኪሎ ገዝቼ ልድገመው። በሳሎቹን የተላቀቀውንም አሲድ ወደ ኤስተር በሚቀይረው በአሲድ መንገድ፣ ጥብቅ ክዳን ባለው ቱቦ እሞክራለሁ። ዋተር ባዙን ግን ፈርቼዋለሁ።