«ጨረቃ ቤት» ወይስ «ደሳሳ ጎጆ»? የፎቶ መግለጫ ላይ ተቸግሬያለሁ

ጥያቄ፦ ስለ አዲስ አበባ የቆዩ ሰፈሮች የፎቶ መግለጫ እየጻፍኩ ነው። አንዱ ፎቶ ላይ ግድግዳው ወደ መንገዱ ያጋደለ፣ ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ የሚታይ፣ የዛገ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የተጫነበት የቀበሌ ቤት አለ። እኔ «ጨረቃ ቤት» አልኩት፤ አራሚዋ «ደሳሳ ጎጆ» አደረገችው። የቱ ነው ልክ? «ጨረቃ»ስ ከየት መጣ?

መልስ 1፦ ጨረቃ ቤት ማለት ያለ ፈቃድ፣ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን የቆመ ቤት ነው። ሲነጋ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሰው ገብቶበት ያገኘዋል። ስለዚህ ስሙ የሚናገረው ስለ ፈቃድና ካርታ እንጂ ስለ ጥንካሬ አይደለም፤ ብሎኬትና ሴራሚክ ያለውም ጨረቃ ቤት አለ። የቀበሌ ቤትን እንዲህ ማለት ጭራሽ አያስኬድም። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ናቸው ለቀበሌ የተሰጡት።

መልስ 2፦ ልክ ነው፤ ግን ቃሉ ለደካማ ቤት ሁሉ መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ደንበኛ የጭቃ ቤት ጊዜ ይፈልጋል። የባሕር ዛፉ ቋሚ መድረቅ አለበት፤ መሬት የሚገባው ጫፍ ለምስጥ ተብሎ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል፤ ምርጊቱም በደንብ ሳይደርቅ ልስን አይደረብበትም። በአንድ ሌሊት ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል? እርጥቡ እንጨት ሲደርቅ ይጣመምና ሚስማሩ ይላላል፣ ያልቦካው ጭቃ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውኃ ቋሚውን ከሥሩ ያበሰብሰዋል። ከዚያ ቤቱ ያዘማል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። የአራሚዋስ?

መልስ 3፦ ደሳሳ ዝቅ ያለና ያረጀ ነው፤ ከጎጆ ጋር ሲሄድ አንባቢው የሚያየው የሣር ክዳን ነው። ቆርቆሮ ለለበሰ የከተማ ቤት ግጥም ካልሆነ በቀር አይመችም። ዛኒጋባም አይሆንም፤ እሱ እንደ ነገሩ ለቆመች ጠባብ መጠለያ ነው። «ያዘመመ የጭቃ ቤት» በለው። ብቻ የዘመመው ካሜራው አለመሆኑን አጠገቡ ባለው የመብራት ምሰሶ አረጋግጥ።