የመኪናችሁ ኤሲ ጋዝ ከተሞላ በኋላ ደጋግሞ የሚሞቅባችሁ ከሆነ፦ የትኛው አገልግሎት፣ የትኛው ዕቃ?

ጥቆማ ለምትፈልጉ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልበላችሁ። ኤሲያችሁ ጋዝ በተሞላ ሰሞን በደንብ ቀዝቅዞ ትንሽ ቆይቶ መልሶ የሚሞቅ ከሆነ፣ ጋዝ የሚሞላ ሳይሆን የሚያፈስበትን ቦታ ፈልጎ በጣቱ የሚያሳያችሁ ባለሙያ ያዙ። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መሣሪያቸው ይለያያል፣ የሚፈጁት ጊዜም አይገናኝም።

"ጋዙ አልቋል" ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም። ከኮምፕሬሰር (ጋዙን ከሚጨምቀው) ወደ ኮንደንሰር (መኪናው ፊት ላይ ሆኖ ሙቀቱን ወደሚያስወጣው)፣ ከዚያ በኤክስፓንሽን ቫልቭ (ግፊቱን በሚያወርደው ጠባብ መተላለፊያ) በኩል ወደ ኢቫፖሬተር (ዳሽቦርድ ውስጥ ሆኖ አየሩን ወደሚያቀዘቅዘው)፣ ከኢቫፖሬተር ተመልሶ ወደ ኮምፕሬሰር፣ በዝግ መስመር ውስጥ ይዞራል። ከጎደለ ወጥቷል ማለት ነው። እርግጥ ከጎማ ቱቦዎችና ከማሸጊያዎች ትንሽ ትንሽ ማምለጡ አይቀርም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ራሱ አር 134ኤ (ብዙ መኪኖች ውስጥ ያለው የኤሲ ጋዝ) የሚጠቀምና አንድ ኢቫፖሬተር ያለው ኤሲ በዓመት እስከ 40 ግራም ቢያጣ ይፈቅድ ነበር። ብዙ የቤት መኪኖች ከ400 እስከ 700 ግራም አካባቢ ስለሚይዙ በዚህ ሒሳብ ጤነኛ ኤሲ ሳይነካ ዓመታት መቆየት አለበት። በየወሩ ወይም በየክረምት በጋው የሚያስሞላ ከሆነ ግን ቀዳዳ አለ፣ ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት ደግሞ የተበሳ ጎማ እየነፉ መንዳት ነው።

ወደ ባለሙያ ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። ቅዝቃዜ የጠፋው ሁልጊዜ በጋዝ ምክንያት አይደለም። መኪናው ሲሮጥ ቀዝቅዞ በሚኒሞ ወይም በትራፊክ መጨናነቅ ላይ የሚሞቅ ከሆነ መጀመሪያ የኮንደንሰሩን ፋን እዩ። ኤሲው በርቶ ፋኑ የማይዞር ወይም እየሰነፈ የሚዞር ከሆነ፣ ወይም ኮንደንሰሩና ራዲያተሩ መሀል አቧራና ቅጠል ተጠቅጥቆ ከሆነ፣ ጋዝ ቢሞላ ምንም አይለውጥም። ነፋሱ ራሱ ደክሞ ከሆነ የካቢን ፊልተሩን (ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን) አውጡና ተመልከቱ። በሾፌሩ በኩል ቀዝቃዛ፣ በወዲያኛው በኩል ሞቃት ከሆነ የጋዝ ማነስ ሊሆን ይችላል፣ ግን ቀዝቃዛና ሙቅ አየር የምትቀላቅለው በር ወይም የምታንቀሳቅሳት ትንሽ ሞተርም ልትሆን ትችላለች። መጀመሪያ ቀዝቅዞ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ ነፋሱ እየቀነሰ የሚጠፋ፣ አጥፍታችሁ ትንሽ ስትቆዩ ደግሞ የሚመለስ ከሆነ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እየሠራ ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ የሴንሰር ጉዳይ ነው። እነዚህን አጣርታችሁ ከሄዳችሁ ባለሙያውም ቶሎ ይገባዋል፣ እናንተም ያለ አግባብ አትከፍሉም።

አሁን ወደ አገልግሎቶቹ። የመጀመሪያው ዓይነት ጌጅ (የግፊት መለኪያ) እና የጋዝ ሲሊንደር ብቻ ይዞ የሚሞላው ነው። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሄደውም ወደዚህ ነው። ችግሩ ምን ያህል ጋዝ እንደነበረ አያውቅም፣ ምን ያህል እንደጨመረም አያውቅም። ጌጁን አይቶ "ፕሬሸሩ ጥሩ ነው" ይላል። ሞተሩ ጠፍቶ የሚነበበው ግፊት ግን የሚናገረው ስለ ሙቀቱ እንጂ ስለ ጋዙ መጠን አይደለም። አየሩ 25 ዲግሪ ከሆነ፣ መስመሩ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ 200 ግራምም ይኑር 700፣ የአር 134ኤ ጌጅ 80 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ) አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ የሚነበበውም ከውጭው ሙቀትና ከፋኑ ጋር ይለዋወጣል። በዚህ መንገድ ትክክለኛ መጠን መሙላት ግምት ነው፣ ከመጠን በላይ የተሞላ ኤሲም ልክ እንደጎደለው አይቀዘቅዝም። ኮምፕሬሰሩንም ያስጨንቀዋል።

ጌጅ ግን ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። የሚያነበው ሰው ካገኘ ብዙ ይናገራል። ጌጁ የሚሰካው በሁለት ጎን ነው፣ ከኮምፕሬሰሩ በፊት ባለው ዝቅተኛ ግፊት ጎንና ከእሱ በኋላ ባለው ከፍተኛ ግፊት ጎን። ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ሁለቱም ጎን ዝቅ ካለ ጋዝ ጎድሏል። ሁለቱም ከፍ ካለ ወይ ተትረፍርፏል፣ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ ኮንደንሰሩ ነፋስ አላገኘም። ዝቅተኛው ጎን ከፍ ብሎ ከፍተኛው ጎን ዝቅ ካለ ኮምፕሬሰሩ መጭመቅ አቅቶታል። ዝቅተኛው ወደ ቫኪዩም ከወረደ መስመሩ የሆነ ቦታ ተዘግቷል። ስለዚህ ባለሙያውን "ሁለቱንም ጎን ስንት አነበበ?" ብላችሁ ጠይቁት። አንዱን ቱቦ ብቻ ሰክቶ የሚሞላ ከሆነ እኔ እዚያ አላሠራም።

ሁለተኛው አውቶማቲክ የኤሲ ማሽን ያለው ጋራዥ ነው። ማሽኑ ያለውን ጋዝ መጥጦ ያወጣል፣ ይመዝናል፣ ቫኪዩም ያደርጋል (የቀረውን አየርና እርጥበት ከመስመሩ ይስባል)፣ ኮፈኑ ሥር ያለው ስቲከር በሚለው ግራም ልክ መልሶ ይሞላል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ሚዛኑ ነው። ስቲከሩ 550 ግራም እያለ ማሽኑ ያወጣው 320 ከሆነ 230 ግራም የሆነ ቦታ ሄዷል፣ ይህ ደግሞ ክርክር የለውም። ካለፈው ሙሌት ወዲህ ስንት ወር እንደሆነ ካወቃችሁ ቀዳዳው ትልቅ ይሁን ትንሽ ወዲያው ይገባችኋል። ጋዙንም አየር ላይ አይለቀውም፤ አር 134ኤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,400 እጥፍ በላይ አየሩን የማሞቅ አቅም አለውና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የማሽኑ ድክመት ብዙዎች "ቫኪዩም ያዘ፣ ሊክ (የሚያፈስ ቦታ) የለውም" ብለው መጨረሳቸው ነው። ቫኪዩም ሊያሳይ የሚችለው የግፊት ልዩነት ቢበዛ 14.7 ፒኤስአይ ነው፣ ያውም ወደ ውስጥ የሚስብ። ኤሲው ሲሠራ ግን ከፍተኛው ጎን ከ200 ፒኤስአይ ያልፋል፣ የሚገፋውም ወደ ውጭ ነው። በቫኪዩም ጊዜ ወደ ውስጥ ተስቦ የሚገጥም ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት ማሸጊያ) በሥራ ጊዜ ሊያስተነፍስ ይችላል። ቫኪዩም ሥራው እርጥበትን ማድረቅ ነው፣ ለዚያ የግድ ያስፈልጋል። ለሊክ ግን ማረጋገጫ አይሆንም።

ሦስተኛው፣ እኔ የምመክረው፣ ኤሲ ብቻ የሚሠራና ናይትሮጅን፣ ሊክ ዲቴክተርና የዩቪ መብራት ያለው ባለሙያ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ መኪናውንም አሳድሮ ሊጠብቅ ይችላል። ግን አንድ ጊዜ ነው። ጋዙ ሙሉ በሙሉ የወጣ ከሆነ ደረቅ ናይትሮጅን በሬጉሌተር (በግፊት መቆጣጠሪያ) እስከ 150 ፒኤስአይ አካባቢ ሞልቶ ይተወዋል፣ ከዚያ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በሳሙና ውሃ ይቀባል። ትልቅ ቀዳዳ ወዲያው አረፋ ይሠራል። ትንሽ ከሆነ ጌጁን ለሰዓታት ወይም እስከ ማግስቱ ያያል፤ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ መርፌው ትንሽ መውረዱ ተፈጥሯዊ ስለሆነ የሙቀቱን ልዩነት አስቦ የሚያነብ ሰው ነው የሚያስፈልገው። በናይትሮጅን ፈንታ ኦክስጅን የሚያነሳ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ኦክስጅን ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር ተገናኝቶ ሊፈነዳ ይችላል። የጎማ መንፊያ አየርም እርጥበት ይዞ ስለሚገባ አይሆንም።

ሊክ ዲቴክተርና ዩቪ ዳይ ማወዳደር ለምትፈልጉ፦ ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ ቦታቸው ግን ይለያያል። ዳይ ማለት ከዘይቱ ጋር የሚዞር ቀለም ነው። ጥቂት ቀን ከነዳችሁ በኋላ በዩቪ መብራት ሲታይ የሚያፈስበት ቦታ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ቀስ ብሎ ለሚያፈስ ኮንደንሰር፣ ቱቦና ለኮምፕሬሰሩ ፊት ማሸጊያ ጥሩ ነው። ከተገኘ በኋላ ቀለሙ መጠረግ አለበት፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ የድሮውን እድፍ አዲስ ሊክ ነው ብሎ ያሳስታል። ዳሽቦርድ ውስጥ የተደበቀውን ኢቫፖሬተር ግን በመብራት ማየት አይቻልም። እዚያ ነው ኤሌክትሮኒክ ሊክ ዲቴክተር የሚያስፈልገው።

የኢቫፖሬተሩን ምርመራ ቆማችሁ እዩት፣ ምክንያቱም ስህተቱ ውድ ነው። ጥሩ ባለሙያ ሞተሩን ያጠፋል፣ ነፋሱን ትንሽ አስነፍሶ ያቆመዋል፣ ከዚያ ለተወሰነ ደቂቃ ይታገሣል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ይጠራቀማል። ከዚያ የመሣሪያውን ጫፍ ውሃ በሚንጠባጠብበት ቱቦ አፍ ላይ ያስጠጋል፣ ውሃ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ። መሣሪያው ከጮኸ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ዝም እስኪል ይጠብቅና እንደገና ያስጠጋል። በተደጋጋሚ እዚያው ቦታ ላይ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ እሺ፣ ዳሽቦርዱ ይፈታ። አንዴ ጮኸ ብሎ ካቻቢቴ የሚያነሳውን አቁሙት። ሽቶና የጽዳት ኬሚካል ጭምር አንዳንድ መሣሪያዎችን ያስጮሃቸዋል።

እናንተም ራሳችሁ ማየት የምትችሉት አለ። ዘይቱ ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚወጣ የሚያፈስበት ቦታ ላይ አቧራው ረጠብ ብሎ፣ ጠቁሮ ይጣበቃል። ኮንደንሰሩ የመኪናው ፊት ላይ ስለሆነ ጠጠር ይመታዋል፣ በፍርግርጉ በኩል በባትሪ መብራት ስታዩት እንደዚህ ያለ የእጅ መዳፍ የምታህል ቅባታማ ቦታ ካገኛችሁ ፎቶ አንሱና ለባለሙያው አሳዩት። የመሙያ ቫልቮቹንም አትርሱ። ክዳናቸውን ፈታችሁ የሳሙና አረፋ ጠብ ብታደርጉበት የሚያስተነፍስ ከሆነ አረፋው ቀስ እያለ ይነፋል። ክዳኑ ራሱ ሁለተኛ ማሸጊያ ነውና ከጠፋ ተኩበት። ቫልቭ ውስጥ ያለችው ትንሽ መርፌና የመጋጠሚያ ኦሪንጎች ርካሽ ስለሆኑ ከኮምፕሬሰር ቅየራ በፊት መታየት ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ዕቃዎቹን በተመለከተ። ሊክ ይደፍናል የሚባለውን በቆርቆሮ የሚሸጥ ማሸጊያ አልመክርም፣ በፍጹም። አንዳንዱ ከእርጥበትና ከአየር ጋር ሲገናኝ ስለሚጠጥር ኤክስፓንሽን ቫልቭ ሊዘጋ ይችላል፣ የጋራዡንም ማሽን ያበላሻል። ስለዚህ ማሸጊያ የገባበትን መኪና ማሽናቸው ላይ የማይሰኩ ባለሙያዎች አሉ፣ አልፈርድባቸውም። በአንድ ጌጅ በቤት የሚሞላው ቆርቆሮም ከላይ እንዳልኩት መጠኑን አይነግራችሁም። ደግሞ አር 134ኤ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነገር ነው። ዓይን ላይ ከተረጨ ጉዳቱ ከባድ ስለሆነ መነጽር ሳያደርጉ መንካት ልክ አይደለም።

የጋዙን ዓይነት ስቲከሩ ላይ አንብቡ። አዳዲስ መኪኖች፣ በተለይ አውሮፓ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ የተሸጡት፣ በአብዛኛው አር 1234ዋይኤፍ ናቸው። ይህ ከአር 134ኤ ይወደዳል፣ መሙያ ቫልቩም ሆን ተብሎ የተለየ ነው። በአዳፕተር አርጎ ርካሹን የሚሞላላችሁ ካለ አትስማሙ። ፕሮፔንና ቡቴን የተቀላቀለበት ምትክ ጋዝም ይቀዘቅዛል፣ እውነት ነው፣ ግን የሚያፈሰው ኢቫፖሬተር ከሆነ የሚቀጣጠል ጋዝ እናንተና ልጆቻችሁ የተቀመጣችሁበት ውስጥ ይገባል። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ዘይት ቸል አትበሉ። መደበኛው ኮምፕሬሰር ፓግ ዘይት ይወስዳል፣ ውፍረቱም (46፣ 100 እያለ) በአምራቹ ይወሰናል። ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ግን ሌላ ዓለም ነው። ኤሌክትሪክ ሞተሩ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ስላለ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የፒኦኢ ዘይት ይፈልጋል፣ ለምሳሌ የዴንሶው ኤንዲ ኦይል 11። ፓግ ከገባበት የኤሌክትሪክ መከላከያ ሽፋኑ (ኢንሱሌሽኑ) ይበላሻል። ሃይብሪድ ከሆናችሁ "የማሽኑ ቱቦ ውስጥ የቀረውን ፓግ ታጸዳላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ያልገባው ጋር አታሠሩ።

ኮምፕሬሰሩ በእርግጥ ከሞተ አዲስ ኦሪጅናል (ዴንሶ፣ ሳንደን፣ ማን እንደሠራው ገላው ላይ ተጽፏል) ቀዳሚ ምርጫዬ ነው፣ ከዚያ ዋስትና ያለው የታደሰ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ አፎቹ ተደፍነው የተቀመጠ ይሁን፣ ክፍቱን የቆየ እርጥበት ጠጥቷል። አሮጌው ብረት ቆርጦ ከነበረ ደግሞ ኮምፕሬሰሩን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። የዘመኑ ኮንደንሰር ቱቦዎች በጣም ቀጫጭን ስለሆኑ ታጥበው አይጸዱም፣ ፍቅፋቂው ተመልሶ አዲሱን ይገድለዋል። ኮንደንሰር፣ ድራየር (እርጥበት የሚጠጣው ዕቃ) እና ኤክስፓንሽን ቫልቭ አብረው ይቀየሩ። አንዳንድ አዳዲስ ኮምፕሬሰሮች ጭራሽ ክላች እንደሌላቸውም እወቁ፣ "ቀጭ አላለም" ተብሎ ብቻ ሞቷል አይባልም።

ስትከፍሉ ደረሰኙ ላይ የወጣው ግራም፣ የገባው ግራም፣ የተጨመረው ዘይትና የተገኘው ሊክ ቦታ ይጻፍላችሁ። የተቀየረውን ዕቃ ተቀበሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ በሊክ ዲቴክተር ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያዩላችሁም ሥራው ሳይጀመር ተስማሙ።