አስቸኳይ፦ የረጅሙ ጠመንጃ እንጨት አረንጓዴ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?

መዶሻ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጊዜ ስለሌለኝ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ለአማቴ በድሮው የአሜሪካ ረጅም ጠመንጃ አሠራር አንድ እየሠራሁ ነው፤ በባልጩት የሚለኮሰውን ማለቴ ነው። እንጨቱ ዥንጉርጉር ሜፕል ነው። ቀርጬ፣ ፍቄና አለስልሼ ጨርሻለሁ። ዛሬ ጠዋት ማቅለሚያውን ቀባሁት፣ አሞቅሁት፤ ይኸው ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ድረስ የሻገተ እንጀራ መስሎ ቁጭ ብሏል። ያየኋቸው ሥራዎች ሁሉ ቀይ ቡናማ ናቸው። እዚህ ፔንሲልቬንያ ከፈረንጆች ገና ማግስት ጀምሮ የባልጩት ጠመንጃ የአጋዘን አደን ይከፈታል፤ ሐሳቤ አማቴ በዚያ ቀን ይዘውት እንዲወጡ ነበር። በአሸዋ ወረቀት ልፋቀው ወይስ ሌላ ቀለም ልደርብበት? እባካችሁ ፈጠን በሉ።

መጋዝ፦
ፍቀህ እንደገና ጀምር። ሌላ መፍትሔ የለውም። እኔ የምግብ ጠረጴዛችን ቀለም ሲበላሽብኝ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

የጓሮ ሠራተኛ፦
ቅቤ ቀባው። አያቴ የውጅግራቸውን ሰደፍ በቅቤ ነበር የሚያሹት፤ ያበራ ነበር። ዝንቡን ግን አልክድም።

ሞረድ፦
ሦስት ጥያቄ አለኝ። የቀባኸው ሆምጣጤ ውስጥ ብረት የተዘፈዘፈበትን ነው ወይስ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ብረት የሟሟበትን? «አሞቅሁት» ስትል በምን? የአፈሙዙ ብረት፣ ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ ማለቴ ነው፣ ከእንጨቱ ወጥቷል?

ዋንዛ፦
ልጆች፣ ቀለሙን ከማንሣታችሁ በፊት ይህ ጠመንጃ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ፔንሲልቬንያ የፈለሱ የጀርመንና የስዊዘርላንድ ባለሙያዎች ይዘውት የመጡት አጭርና ሰፊ አፍ ያለው የአዳኝ ጠመንጃ ነበር። በላንካስተርና በአካባቢው ይህ ጠመንጃ ቀስ በቀስ ረዘመ፣ ቀጠነ፣ አፉም ጠበበ። መጥበቡ ለጌጥ አይደለም። አፉ 0.62 ኢንች ገደማ ከሆነ አንድ ፓውንድ እርሳስ 20 ያህል ጥይት ይወጣዋል፤ 0.45 ኢንች ከሆነ ግን ከ50 በላይ። ወደ ጫካ ለወራት ለሚገባ፣ እርሳሱንና ባሩዱን በጀርባው ለሚሸከም ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የብረቱ ርዝመት 42 ኢንችና ከዚያም በላይ ይደርስ ነበር። ሞራቪያን በተባለው የፕሮቴስታንት ማኅበረሰብ ሥር፣ በፔንሲልቬንያዋ ናዝሬት ከተማ አቅራቢያ ክርስቲያንስ ስፕሪንግ የተባለ የጠመንጃ ሥራ ቤት ነበር፤ ክርስቲያን ኦርተር የሠራው እዚያ ነው። የላንካስተሩ ጃኮብ ዲከርት (1740–1822) ደግሞ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣ ነው። የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ኮንግረስ ሰኔ 14 ቀን 1775 በፈረንጆች አቆጣጠር 10 የጠመንጃ ተኳሾች ሻምበል እንዲቋቋም ሲወስን፣ ስድስቱ ከፔንሲልቬንያ፣ ሁለቱ ከሜሪላንድ፣ ሁለቱ ከቨርጂኒያ የተባሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ናዝሬት አጠገብ በጄኮብስበርግ ሙዚየም አለ፤ ሄደህ ዋናዎቹን ብታያቸው ይጠቅምሃል።

መዶሻ፦
ጋሽ ዋንዛ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንጨቱ ግን አሁንም አረንጓዴ ነው።

ሞረድ፣ ናይትሪኩ ነው፤ ተዘጋጅቶ በጠርሙስ የሚሸጠው። ያሞቅሁት በባለቤቴ የፀጉር ማድረቂያ ነው፣ ረጅም ሰዓት ይዤበታለሁ። ብረቱ ወጥቷል፤ እዚያው ክፍል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ይህ ከቀለሙ ጋር ምን አገናኘው?

መጋዝ፦
እኔ እላለሁ ፍቀው። በ120 ቁጥር የአሸዋ ወረቀት ጀምር።

ሞረድ፦
አትፋቀው። እንጨትህ አልተበላሸም፤ ሥራው ስላላለቀ ነው። ይህ ፈሳሽ ሲደርቅ ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ መሆኑ የታወቀ ነው። ቡናማውን የሚያወጣው ጠንካራ ሙቀት ነው፤ የፀጉር ማድረቂያ እዚያ አይደርስም። የቆየ ቀለም ከበር ላይ ለማስለቀቅ የሚያገለግለው የሙቅ አየር ማሽን አለ፣ ማንኛውም የግንባታ ዕቃ መደብር ይሸጠዋል። እርሱን አምጣ።

አያያዙ እንዲህ ነው። የናስ ዕቃዎቹን፣ ምላጩንና መለኮሻውን ሁሉ አውጣ። ከሰደፉ ጎን ጀምር፤ እዚያ እንጨቱ ወፍራም ስለሆነ ስሕተት ይችላል። ማሽኑን ወደ እንጨቱ እያስጠጋህ ቀስ ብለህ ወደ ፊት አንቀሳቅሰው። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ከዚያ በድንገት አረንጓዴው ከማሽኑ አፍ ፊት ይሸሻል፣ በኋላው ቀይ ቡናማው ይከተላል፤ ዥንጉርጉሩም ያኔ አንድ በአንድ ብቅ ይላል። ቀለሙ መቀየሩን ባየህበት ቅጽበት ወደሚቀጥለው ቦታ እለፍ። አንድ ቦታ ላይ ከቆምክ ታቃጥለዋለህ። በተለይ ወደ አፈሙዙ ጫፍ ስትቀርብ ተጠንቀቅ፤ እዚያ የእንጨቱ ግድግዳ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ጠርዙ ወዲያው ይከስላል። የሰደፉ መጨረሻና የአንገቱ ኩርባ የእንጨቱ የተፈጥሮ ጭረት ተቆርጦ የሚወጣባቸው ቦታዎች ስለሆኑ ብዙ ፈሳሽ ይጠጣሉ፤ ከሌላው ይልቅ ቢጠቁሩ አትደንግጥ።

ብርቱካን፦
ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ ስለ ጠመንጃ ምንም አላውቅም፤ ስለ ጭሱ ግን ልናገር። እንጨቱ ላይ ያለው አይረን ናይትሬት ነው። በኃይለኛ ሙቀት ሲበተን እንጨቱ ላይ የሚቀረው አይረን ኦክሳይድ ነው፤ ቡናማው ቀለም የመጣው ከዚያ ነው። ወደ አየር የሚወጣው ደግሞ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሳንባን ይጎዳል፣ ጉዳቱም ከሰዓታት በኋላ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥም ጋራዥ ውስጥም አይሆንም። ውጭ፣ ነፋሱ ከጀርባህ እየመጣ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርገህ። የመድኃኒት ቤት የአፍ መሸፈኛ ጋዝ አያቆምም።

ሞረድ ስለ ብረቱ የጠየቀህም ለዚህ ይመስለኛል። የአሲዱ ትነት በአቅራቢያው ያለውን ብረት ሁሉ ያዝጋል። መሮህንም መጋዝህንም ጭምር።

መዶሻ፦
አሁን ሄጄ አየሁት፤ ብረቱ ላይ ቀጭን ዝገት ተነጥፏል። ወደ ሌላ ክፍል ወስጄ ዘይት ቀብቼዋለሁ። ማሽኑን ልገዛ እየወጣሁ ነው።

ጉልላት፦
እኔ የማልስማማው ከመነሻው ነው። ቀይ ቡናማ መሆን አለበት ያለው ማነው? አሁን የሚሠሩት ሁሉ ዥንጉርጉሩን አጋንነው የሜዳ አህያ ያስመስሉታል። ከ200 ዓመት በኋላ በሙዚየም መስታወት ውስጥ የምናየው ቀለም ጭስ፣ ላብና ዘይት ተደራርበው ያመጡት ነው እንጂ ሠሪው የቀባው ብቻ አይደለም። በተጨማሪ፣ የተልባ ዘይት ልትቀባው ከሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ አይደርቅም። ቀጭን ቀጭን እየቀባህ፣ በየመሐሉ እያደረቅህ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ቀለሙ ቢስተካከልም ባይስተካከልም የአማትህ ጠመንጃ ለአደኑ መክፈቻ አይደርስም። ሥራ በጥድፊያ አይሆንም።

የጓሮ ሠራተኛ፦
ጉልላት፣ ሰውዬው አማት አለበት። አንተ አማት የለህም መሰለኝ።

ሞረድ፦
ጉልላት ስለ ዘይቱ እውነቱን ነው። ግን ያልተጨረሰ እንጨትም ቢሆን ሁለት ሦስት ቀጭን እጅ ዘይት ከጠጣ ለአንድ ቀን በጫካ መዞር አያቅተውም፤ ዝናብ ካልሆነ። ቀሪውን ከአደኑ በኋላ ይቀባዋል። ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። መዶሻ፣ ጠመንጃው ተሞክሯል? አዲስ የተሠራ ጠመንጃ ለሽማግሌ ሰው ከመሰጠቱ በፊት ልምድ ባለው ሰው ፊት፣ በተኩስ ሜዳ መፈተሽ አለበት።

መዶሻ፦
ብረቱን ተሠርቶ ያለቀ ነው የገዛሁት። ከመቀባቴ በፊት በእንጨቱ ላይ ገጥመን በክለብ ሜዳ ሞክረነዋል፤ አንድ የክለቡ ነባር አባል ነው ሁሉን የፈተሸው። መለኮሻው ጥሩ ብልጭታ ይሰጣል። ለእርሱ አታስቡ።

ማሽኑን አምጥቼ የሰደፉን ቀኝ ጎን ሞከርኩት። ቡናማ ሆነ! ልክ እንዳልከው ነው፣ ከዓይኔ ሥር ተለወጠ። አንድ ነገር ግን አለ። ጉንጭ በሚያርፍበት በኩል የአውራ ጣት የሚያህሉ ሁለት ነጣ ያሉ ቦታዎች ቀርተዋል፤ ባሞቀውም ባሞቀውም አይለወጡም።

ዝግባ፦
ፈሳሹ ስላልገባባቸው ነው። ወይ ሙጫ ፈስሶበት ነበር፣ ወይ የእጅ ቅባት አለበት። ማሞቁን ተው፣ ታከስለዋለህ። ሲበርድ ያንን ቦታ ብቻ በብረት መፋቂያ ስስ አድርገህ ላጠው፣ ፈሳሹን በትንሽ ብሩሽ ድገመው፣ ሲደርቅ አሙቀው። መፋቂያ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ዥንጉርጉር ሜፕል ላይ መላጊያ ከሄደ ጭረቱን ይቦጭቀዋል።

እንጨቱን በሙሉ አሙቀህ ስትጨርስ ደግሞ የመጋገሪያ ሶዳ በውኃ በጥብጠህ እጠበው። አለበለዚያ የቀረው አሲድ ከወራት በኋላ ቀለሙን መልሶ ያረነጉደዋል።

ሞረድ፦
በመፋቂያው እስማማለሁ፣ በሶዳው ግን አልስማማም። በደንብ የሞቀ እንጨት ላይ የሚቀር አሲድ እምብዛም የለም። ሶዳው ቀለሙን ያጨልመዋል፣ ውኃው ደግሞ የለሰለሰውን እንጨት እንደገና ያሻክረዋል።

ዝግባ፦
«በደንብ የሞቀ» የሚለውን ማን ይለካዋል? በቀለሙ ቡናማ መሆን ብቻ? የመለኮሻው ጎድጓዳ ውስጥ፣ የብረቱ ቦይ ውስጥ የገባውን ማሽኑ አያገኘውም። እዚያ የቀረ አሲድ ነው ብረቱን ከውስጥ የሚበላው፤ ብረቱ በላዩ ተኝቶ ስለሚቆይ ማንም አያየውም።

ሞረድ፦
ስለ ቦዮቹ ያልከው ያስኬዳል። ለውጭው ግን በቁራጭ እንጨት ሞክሮ ይወስን። መዶሻ፣ ከዚያው ግንድ የተረፈ ቁራጭ አለህ አይደል? ግማሹን በሶዳ እጠብ፣ ግማሹን ተው፣ ሁለቱንም ዘይት ቀባ። ዘይት ሳይነካው በቀለሙ አትፍረድ፤ ደረቁ እንጨት ፈዛዛ ነው የሚመስለው።

ሰሎሜ፦
ይቅርታ፣ ጥያቄውን ላቋርጥ። በግል ቤት ጠመንጃ መሥራት ፈቃድ አያስፈልገውም እንዴ? ባለቤቴ ይህን አንብቦ እጁ እያሳከከው ነው።

ዋንዛ፦
እመቤቴ፣ በ1968 በወጣው የፌዴራል የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ መሠረት በባልጩት የሚለኮሱ የድሮ ጠመንጃዎችና በእነርሱ አምሳል የተሠሩት እንደ ጥንታዊ ዕቃ እንጂ እንደ ጦር መሣሪያ አይደለም የሚታዩት። የየግዛቱና የየከተማው ሕግ ግን ይለያያል፤ በተለይ የወንጀል ፍርድ ላለበት ሰው። ስለዚህ የምትኖሩበትን ግዛት ሕግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እጁ ከማሳከኩ በፊት ደግሞ ዊሊያምስበርግ ይውሰዱት፤ ቨርጂኒያ ከሆናችሁ ሩቅ አይደለም። እዚያ ያለው የጠመንጃ ሠሪዎች ቤት በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሠራር ሲሠሩ ለጎብኚ ያሳያል። የድካሙን መጠን ካየ በኋላ ማሳከኩ ይለቀው ይሆናል።

ሰሎሜ፦
ይባስበታል እንጂ።

ብርቱካን፦
መዶሻ፣ ዘይቱን ልትጀምር ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ ተጨማድዶ ወይም ተከምሮ ከተጣለ ማንም ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው፣ ወይም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውኃ ውስጥ ንከረው። ቤተሰብ ከሚያድርበት ቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እንዳትከተው።

የጓሮ ሠራተኛ፦
ተልባ ለጨጓራ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

መጋዝ፦
ነጫጮቹ ቦታዎች ካልጠፉ ፍቀው ያልኩት ይኼኔ ነው የሚሠራው።

ዝግባ፦
መዶሻ፣ ላጥከው? ያ ቦታ ሁለተኛውን ጊዜ ተቀበለ?

መሰንቆ፦
እኔም ጥያቄ አለኝ፤ አዲስ ገጽ ከምከፍት እዚሁ ልጠይቅ። ክራር እየሠራሁ ነው፣ እንጨቱ ዋልነት ነው። ይህን ፈሳሽ ብቀባው ያምርበታል?

ሞረድ፦
ለዋልነት አትድከም። የራሱ ቡናማ ቀለም አለው፣ በውስጡም ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ብረት ያለበት ፈሳሽ ሲነካው ወደ ጥቁር ይሄዳል። ዘይት ብቻ ቀባው። ያውም ድምፁ እንዳይታፈን ስስ አድርገህ፤ ቆዳው በሚወጠርበት በኩል ደግሞ ጭራሽ አታስነካው።