የእጅ ሬዲዮ ስካነር ለመንገድ ማስተካከል የሚችል ሰው እርዱኝ

ሰላም ናችሁ፣ ባህር ዳር ነኝ። ዘመድ ከውጭ የላከልኝ የእጅ ስካነር (የሬዲዮ ሞገዶችን እየፈተሸ የሚያሰማ) አለ፣ መቀበያ ብቻ ነው አያስተላልፍም፣ ቅዳሜ በጀልባ ወደ ጎርጎራ ስሄድ ልይዘው ነበር ግን ስካን ሳስጀምረው ኤፍኤም ጣቢያ ላይ ተገትሮ አላልፍ ይለኛል፣ ስኩዌልቹን (ሽሽታውን የሚያፍነውን) ከፍ ሳደርገው ደግሞ ጭራሽ ዝም። መስማት የፈለግኩት የአውሮፕላን ንግግር ነው፣ ባንዱ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ነው፣ ሞዱንም ኤኤም አድርጌዋለሁ፣ ስቴፑ (ሲፈልግ በአንዴ የሚዘለው) ግን 25 ኪሎኸርዝ ይሁን 8.33 ግራ ገባኝ። ኤርፖርቱ እዚሁ አፍንጫችን ስር ሆኖ ጭጭ ማለቱ ነው የሚያናድደው!! ኤፍኤሙን እንዲዘለው ሎክአውት የሚባለው የቱ ጋ ነው የሚገኘው? ማኑዋል የለውም። የጎማ አንቴናውስ ሐይቁ ላይ ይበቃል ወይስ ረዘም ያለ ልፈልግ? የምታውቁ በናታችሁ መልሱልኝ፣ ፎቶ ካስፈለገ እልካለሁ