በልጅነት የተሰበረ ክርን እና ዘግይቶ የመጣ የጣት መደንዘዝ

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በልጅነቴ ከዛፍ ወድቄ የግራ ክርኔ በውጭ በኩል ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻ በቀርከሃ አስሮልኝ ሕመሙ ሲጠፋ ቤተሰቦቼ ድኗል ብለው ተዉት። ክንዴ ሲዘረጋ ወደ ውጭ ቢያጋድልም ከሥራ አግዶኝ አያውቅም። አሁን በጎልማሳነቴ ግን ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ፤ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ እየከበደኝ ነው። የቆየ ስብራት ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ነርቭ ይጎዳልን? ቀዶ ጥገናስ ክንዴን ያቃናልኛልን?

የጦሳ ልጅ (ደሴ፣ የአጥንት ሐኪም)፦
አዎ፣ ይጎዳል። በልጆች ክርን ውጫዊ ጎን የሚሰበረው ቁራጭ ጡንቻ ስለሚስበውና የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ስለሚያርሰው ሳይገጥም የመቅረት ዕድል አለው፤ ክፍተቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ሲበልጥ በሽቦ ማያያዝ የሚመረጠው፣ ያነሰውም በጀሶ ሲታከም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጁ እየተደጋገመ የሚታየው ለዚህ ነው። ካልገጠመ ልጁ ባደገ ቁጥር ክንዱ ወደ ውጭ ያጋድላል፣ በክርን ውስጠኛ ጎን ከኋላ የሚያልፈው ነርቭም ክንዱ በታጠፈ ቁጥር እየተወጠረ ይቆይና ምልክቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ይወጣል። ወረቀት በአውራ ጣትዎና በአመልካች ጣትዎ ጎን መካከል ይያዙና ሌላ ሰው ይሳበው፤ ላለመልቀቅ ሲሉ የአውራ ጣትዎ ጫፍ ከታጠፈ ጡንቻው ደክሟል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ቀዶ ጥገና ነርቩን ከክርኑ ጀርባ ወደ ፊት ማዛወር ነው። ክንዱን ማቃናት አጥንት ቆርጦ ማስተካከልን ስለሚጠይቅ ሌላና ከበድ ያለ ሥራ ነው፤ ሕመም ለሌለው፣ እንደ ልብ ለሚታጠፍ ክንድ እኔ አልቸኩልበትም።

ገራዶ (ደሴ)፦
ታዲያ ያለ ቀዶ ጥገና የታከመ ክርን ሁሉ መጨረሻው ይህ ነውን? እናቴ በስተርጅና የክርናቸው ጫፍ ተሰብሮ እጃቸው በጨርቅ አንገታቸው ላይ ታንጠልጥሎ ብቻ ነበር የታከሙት፤ ከባድ ነገር ወደ ላይ ማንሣት ቢያቅታቸውም እንጀራቸውን ራሳቸው ይጋግራሉ።

የጦሳ ልጅ፦
አይደለም። በእርሳቸው ዕድሜ ቀዶ ጥገናውን መተው ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ የክርን ቆዳ ስስ በመሆኑ ብረቱ እየቆረቆረ ለሁለተኛ ቀዶ ጥገና የሚዳርግበት ጊዜ አለና። እኔን የሚያሳስበኝ በተሰበረ ሰሞን ክርንን ማሸትና በግድ መዘርጋት ነው፤ በጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅል ሊያደርግና መገጣጠሚያውን ሊያደርቀው ይችላል። ጠብቆ የታሰረ ልጅ ደግሞ ጣቶቹ ሲዘረጉለት ክፉኛ ከጮኸ፣ ማሰሪያው በዚያው ቅጽበት ተፈትቶ ሆስፒታል ይወሰድ፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ቦርከና ማዶ፦
ወረቀቱን ሞከርሁት፤ አውራ ጣቴ ይታጠፋል። በአውራ ጣቴና በአመልካች ጣቴ መካከል ያለው ሥጋም ጎድጉዷል።

የጦሳ ልጅ፦
አብሽር ወንድሜ፤ ነገር ግን ቀጠሮውን አያዘግዩ። ነርቩ ሲላቀቅ መደንዘዙ ሊቀልልዎት ይችላል፣ የሟሸሸ ጡንቻ ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። የክርኑን ራጅና የነርቭ ምርመራውን ይዘው የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።